«ገና ነው» ስንል ገና ደረሰ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላሉ አበው። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ስላደግን፣ ቆም ብለን ምን እንደሚል የመረመርነው ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም። አባባሉ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው፣ ማንኛውም ነገር የራሱ ጊዜ አለው፤ ጊዜውን ያልጠበቀ ነገር ክብሩ ይቀንሳል የሚለው ትምህርት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ልብሱ ለቀኑ ካልደረሰ ቢቀደድም አያስቆጭም የሚለው ፍርድ ነው። እኔ ትምህርቱን እቀበላለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም። ለምን እንደማልቀበል በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የማነሣው ጉዳይ በገዛ እጃችን ሠርተን ለወላጅ፣ ለወንድም፣ ለእኅት ወይም ለወዳጅ በበዓል ቀን የምናበረክተውን ስጦታ ይመለከታል። ሹራብ፣ የአንገት ልብስ፣ የሕፃን ቆብ፣ ዳንቴል፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ በስንደዶና በአክርማ የሚሰፋ ሞሰብ፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህን ነገሮች የሚሠራ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜውን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ይህን ስጦታ የምንሠራው በዓሉ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ በጥድፊያና በእንቅልፍ ማጣት ነው። በእኔ አስተያየት፣ የእጅ ሥራ ስጦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በእጅ ድክመት ሳይሆን በጊዜ አያያዝ ጉድለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ችኮላ የፍቅርን ሥራ ወደ ዕዳ ይለውጠዋል።

በዓል ድንገተኛ እንግዳ አይደለም። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ቀን፣ መስቀል መስከረም 17 ቀን፣ ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። ከእንቁጣጣሽ እስከ ገና 118 ቀን፣ እስከ ጥምቀት ደግሞ 130 ቀን አለ። ፋሲካ ቀኑ ከዓመት ዓመት ቢለዋወጥም፣ ከፊቱ የሚቀድመው የ55 ቀን ዐቢይ ጾም ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ኢድ አል ፈጥር በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚመራ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ሆኖም የረመዳን ወር ሲገባ በዓሉ ከ29 ወይም ከ30 ቀን በኋላ እንደሚሆን ያልተረዳ ቤተ ሰብ የለም። እንዲያውም እዚህ ላይ አንድ ብልኅነት አለ። ጨረቃዋ በ29ኛው ቀን ምሽት ልትታይ ስለምትችል፣ አስተዋይ ሰው ሥራውን በ30ኛው ቀን ተማምኖ አያሳድርም። እንግዲህ በዓላት ሁሉ ቀጠሮአቸውን አስቀድመው ያሳውቁናል ማለት ነው። ቀጠሮውን የምናፈርሰው እኛው ነን።

ሕፃናት በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ። ወንዶች ልጆች የአበባና የመላእክት ሥዕል እየሣሉ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ለጎረቤትና ለዘመድ ሲያድሉ ያልተመለከተ የለም። ሥዕሉ በመስከረም 2 ቀን ማለዳ ቢመጣ የሚቀበለው እንደሌለ ልጁ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱንና ቀለሙን በነሐሴ ያዘጋጃል፤ በጳጉሜን ሥዕሎቹን ያደርቃል፤ በዋዜማው ደግሞ ለማን ለማን እንደሚሰጥ እየቆጠረ በጊዜ ይተኛል። ማንም ሳያስተምረው የቀኑን ክብርና የሥራውን መጠን አስታርቋል። ዕድሜአችን ሲጨምር ይህን ማስተዋል ለምን እንደምንጥለው ይገርመኛል።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እኔ የሰባተኛ፣ ታላቅ እኅቴ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን በቤታችን የሆነውን ላጫውታችሁ። አባታችን የአንድ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። በደጋ ከተማ የኖረ ሰው የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ሲፈኩ፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍናት ደመና ስለሌለ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባታችን ይህን ብርድ የሚመክቱት በአንድ ያረጀ ካፖርትና በእሳት ዳር በመቀመጥ ነበር። ጠዋት ወደ ቤት ሲመለሱ ጣቶቻቸው ስኒ ለመያዝ እንኳ እስኪታዘዙላቸው ድረስ ጥቂት ይቆዩ ነበር።

እኅቴ ይህን እያየች ስለምታዝን፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት «አባባ፣ ለገና ሹራብ ሠርቼ አለብስዎታለሁ» ብላ ቃል ገባች። ክሩ ተገዛ፤ መርፌዎቹም ከጎረቤት በውሰት ተገኙ። ይሁን እንጂ መስከረም በመስቀል ሽር ጉድ አለፈ። በጥቅምት እናታችን «ሹራቡስ እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ገና ነው፤ ብዙ ጊዜ አለ» አለች። በኅዳር መጀመሪያም ተጠይቃ «ገና ነው» ስትል መለሰች። እንዲህ «ገና ነው፣ ገና ነው» ስትል ገና ደረሰ። ክሩ ከመርፌው ጋር የተገናኘው ከኅዳር ጽዮን በኋላ፣ ለበዓሉ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ሲቀረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። እኅቴ ጥናቷን ወደ ጎን አድርጋ ሌሊት ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ትሠራ ጀመር። ዓይኗ ቀላ፤ አንገቷ ደነደነ። በገና ዋዜማ ቤታችን እንደ ማንኛውም ቤት በሥራ ተወጥሮ ነበር። ሽንኩርት ይከተፋል፤ ድፎ ይቦካል፤ ቤት ይጠረጋል፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ይህ ሁሉ ሥራ የእናታችንና የእኅቴ ነበር። እኅቴ ከማጀት ወደ መርፌዋ፣ ከመርፌዋ ወደ ማጀት ስትመላለስ ዋለች። እኔስ? እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ስጫወት ውዬ፣ ማታ እግሬን ታጥቤ ተኛሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

በበዓሉ ጠዋት አባታችን ከአዳር ሥራቸው ሲመለሱ ሹራቡ ታጥፎ ቀረበላቸው። ደስ ብሏቸው መረቁና ለበሱት። የግራው እጅጌ ከቀኙ ሦስት ጣት ያህል ያጥር ነበር፤ እርሳቸው ግን እንዳላዩ ሆኑ። ነገር ግን ድፎውን ለመቁረስ ቢላዋውን ይዘው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሌሊቱን በጥድፊያ የተሰፋው የትከሻው መጋጠሚያ እስከ ብብት ድረስ ተተረተረ። እኅቴ አንገቷን ደፋች። ቤቱ ጸጥ አለ። አባታችን ቢላዋውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ የእኔ ሥራ መጠበቅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ንብረት ስጠብቅ የማድር ሰው፣ ያንቺን ሹራብ አንድ ወር መጠበቅ ያቅተኛል? ስለምን እንዲህ ተጎዳሽ?» አሏት። እኅቴ እስከዚያ ድረስ ችላ የነበረችውን ዕንባ ያፈሰሰችው ይህን ስትሰማ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በጥር ወር በተሰጠው የመንፈቅ ዓመት ፈተና፣ በሒሳብ ከዚያ በፊት አግኝታው የማታውቀውን ዝቅተኛ ውጤት አገኘች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ ሰምቼ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያ ገና ነው። ሹራቡ ተፈታ፤ ጥናቷም ተፈታ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንዳንድ ሰው «ልጅቱ ሰነፍ ስለ ነበረች ነው» ይል ይሆናል። እኔ ይህን አልቀበልም። በአንድ ወር ውስጥ ያን ያህል የሠራች ልጅ ሰነፍ ልትባል አትችልም። ጉድለቷ የሥራውን መጠን አስቀድማ አለማወቋ ነበር። እስቲ እርሳስና ወረቀት ያዙና አብረን እናስላ።

ሹራብ በመርፌ ላይ በሚደረደሩ ትናንሽ የክር ቀለበቶች የሚሠራ ነገር ነው። በመካከለኛ ውፍረት ባለው ክር፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ 20 ቀለበቶች፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ውስጥ ደግሞ 28 መስመሮች አሉ እንበል። የአንድ ጎልማሳ ሹራብ የፊቱ ገጽ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ በአንድ መስመር 100 ቀለበት፣ በጠቅላላው 168 መስመር ይሆናል። ይህም 16,800 ቀለበት ነው። ጀርባውም እንዲሁ ስለ ሆነ ሁለቱ 33,600 ይሆናሉ። አንዱ እጅጌ በአማካይ 35 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው 8,820 ቀለበት ይፈጃል፤ ሁለቱ እጅጌዎች 17,640 ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 51,240 ይመጣል። በዚህ ላይ አንገትጌውንና መጋጠሚያውን አልቆጠርንም።

አንዲት ጀማሪ በደቂቃ 20 ቀለበት ብትሠራ፣ ይህ ሥራ ወደ 43 ሰዓት ገደማ ይወስድባታል። አሁን ይህን ቁጥር በቀናት እናካፍለው። ሥራውን በመስከረም 1 ቀን ጀምራ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብትሠራ፣ በ86ኛው ቀን፣ ማለትም በኅዳር 26 ቀን ትጨርሳለች። ለገና ከአንድ ወር በላይ ይተርፋታል። በዚያ ትርፍ ጊዜ ረጋ ብላ ትገጥማለች፤ የተሳሳተውን ታርማለች፤ ለፈተናዋም ታጠናለች። ሥራውን በታኅሣሥ 1 ቀን ብትጀምር ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስፈልጋታል። አንድ ሳምንት ሲቀረው ብትጀምርማ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ መሥራት ግድ ይሆንባታል። ሹራቡ ያው ነው፤ ክሩም ያው ነው፤ እጁም ያው ነው። የተለወጠው የጀመረችበት ቀን ብቻ ነው። በመስከረም ግማሽ ሰዓት የነበረው ሸክም በታኅሣሥ መጨረሻ ከዐሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ያርፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ለማጽናኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በስሌትም የሚረጋገጥ እውነት ነው።

የጊዜን ነገር ከሹራብ ይበልጥ የሚያስተምረን ጋቢ ነው። አንድ ጋቢ ከትከሻችን ላይ ከማረፉ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈበት እናስብ። ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ይጠቀለላል። ድሩና ማጉ ተለይቶ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ ክሩን ከክር ያዋድዳል። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ ከነጠላ ይልቅ ብዙ ፈትል ይፈልጋል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ቢዘገይ ተከታዩ ይዘገያል። ፈታይዋ ሳትጨርስ ሸማኔው ሊጀምር አይችልም።

እንግዲህ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው መጥተው በአዲስ አበባ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሽመናን ያስፋፉትን ባለሙያዎች አስቡ። በዓል ሲቃረብ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየመጣ «ለጥምቀት አድርስልኝ» ይላል። ሸማኔው እጁ ሁለት፣ ቀኑም ያው ቀን ነው። ሥራው ካልደረሰለት ደንበኛው ይቆጣል፤ ጥለቱ ቢዛነፍም ይቆጣል። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛው ማን ነው? ሙሉ ሦስት ወር ቤቱ ተቀምጦ በመጨረሻው ሳምንት የመጣው ሰው አይደለምን? የራሳችንን መዘግየት በሌላው ሰው እንቅልፍ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም። ሸማኔን በሥራው የሚንቅ ክፉ ልማድ በሀገራችን ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ዛሬ ማንም ሰው ይህን ንቀት በአፉ አይደግፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የባለሙያን ጊዜ እንደ ዋጋ ቢስ መቁጠር ያው ንቀት ልብሱን ለውጦ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ወንድ ተማሪዎች ልመለስ። በቤታችን ያን ገና የተበላሸው በእኅቴ መዘግየት ብቻ አልነበረም፤ በእኔ መቀመጥም ጭምር ነው። ክር መጠቅለል፣ መስመር መቁጠር፣ ወይም ቢያንስ ውሃ ቀድቶና ቤት ጠርጎ ጊዜዋን ማትረፍ እችል ነበር። አላደረግሁትም፤ ምክንያቱም መርፌና ክር የሴት ነው ብዬ አምን ነበር። ይህ እምነት ግን ከሀገራችን ታሪክ ጋር እንኳ አይስማማም። በብዙ የሀገራችን አካባቢ መፍተል የሴት ሥራ ሆኖ ቢቆይም፣ መሸመን ግን የወንድ ሙያ ነበር። አያቶቻችን የለበሱት ጋቢ የሴትና የወንድ እጅ ተጋግዞ የሠራው ነው። ታዲያ ክር ከወንድ እጅ ጋር መቼ ተጣላ? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ወንዱም ሴቱም በየስብሰባው ይጠቅሰዋል፤ ድሩን ለማስተባበር ግን እጁን የሚዘረጋው ስንቱ ነው? በዓል በመጣ ቁጥር የዋዜማው ሥራ ሁሉ በእናቶችና በእኅቶች ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ «ስጦታው ለምን ዘገየ?» ብለን የመጠየቅ መብት የለንም።

ይህን አስተያየቴን የሚቃወሙ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዶች «ዛሬ ሹራብ በገበያ ሞልቶ ሳለ፣ ሰልባጁም በርካሽ እየተሸጠ፣ 43 ሰዓት ማባከን ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ዓላማው ሰውነትን ማልበስ ብቻ ከሆነ ገበያው ይበቃል። ገበያ የሚሸጠው ሹራብ ግን ለማንም የተሠራ ነው፤ የአባታችንን የክንድ ርዝመት አያውቅም። በእጅ የሚሠራው ሹራብ የሚጀመረው ሰውየውን በመለካት ነው። ሠሪዋ እያንዳንዱን መስመር ስትጨምር ያንን ሰው ታስበዋለች። በተጨማሪም የእጅ ሹራብ ሲያረጅ ተተርትሮ ክሩ ሌላ ልብስ ይሆናል። ገንዘብ ያለው ቢገዛ አልነቅፈውም፤ ገንዘብ የሌለው ግን ጊዜና እጅ እንዳለው ሊረሳ አይገባውም።

ሌሎች ደግሞ «ተማሪ ጊዜ የለውም፤ ትምህርቱ ይበቃዋል» ይላሉ። ይህ አሳሳቢ ነጥብ ስለ ሆነ ልናቃልለው አይገባም። የእኅቴም ውጤት ይህንኑ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ትምህርቷን የጎዳው ሹራቡ ሳይሆን የሹራቡ ጥድፊያ ነበር። በቀን ግማሽ ሰዓት ከጥናት በኋላ አእምሮን ያሳርፋል እንጂ አያደክምም። እንዲያውም ሥራን ከፋፍሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራትን በክር የተማረ ልጅ፣ ያንኑ ዘዴ ወደ መጽሐፉ ይወስደዋል። የዓመቱን ትምህርት በፈተና ዋዜማ ለማጥናት የሚሞክር ተማሪና ሹራቡን በገና ዋዜማ የሚጀምር ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት የሠሩ ወንድማማቾች ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመግቢያዬ ላይ የጠቀስሁት አባባል ነው፤ ለቀኑ ካልደረሰ ይበጣጠስ የሚለው። የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው። ለበዓል መድረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስታ በጋራ ሲሆን ስለሚደምቅ፣ አዲስ ልብስም በበዓል ሲለበስ ክብሩ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ባሰበው ቀን አይደርስም። በሽታ፣ ሐዘን፣ የክር እጥረት ወይም ያልታሰበ ሥራ ሊያዘገየን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጉድለቱን ለመሸፈን እየተጣደፉ የማይረባ ነገር ማቅረብ ነው። ሁለተኛው እውነቱን ተናግሮ፣ ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ፣ ዘግይቶም ቢሆን መስጠት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደ ተባለው የመጀመሪያው መንገድ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራናል። ሁለተኛው ለአንድ ቀን ያሳፍረን ይሆናል፤ ልብሱ ግን ለብዙ ዓመታት ይለበሳል። የሚወደን ሰው የሚፈልገው ቀኑን ብቻ ሳይሆን እኛንም ነው። አባታችን «መጠበቅ ያቅተኛል?» ያሉት ለዚህ ነው።

የዚያን ሹራብ ፍጻሜ ልንገራችሁ። የጥር ፈተና ካለፈ በኋላ እኅቴ ሹራቡን ሙሉ በሙሉ ተረተረችው። ክሩን የጠቀለልሁት እኔ ነበርሁ። ይህን ጊዜ ግን አስቀድማ የአባታችንን ክንድና ደረት በገመድ ለካች፤ የቀለበቶቹን ብዛት በደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ አሰላች፤ በየቀኑ የሚሠራውን መስመር ወሰነች። ለእኔም ቀጥተኛውን ሥራ አስተማረችኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ጠማማ ስለ ነበረ ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ፤ በሦስተኛው ግን ቀና። ሹራቡ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለቀ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ታጥፎ በሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ እኔና እኅቴ አንድ ምሥጢር እንዳላቸው ሰዎች እየተያየን እንሥቅ ነበር። ያን ዓይነት ደስታ በጥድፊያ ውስጥ አይገኝም። አባታችን ያን ሹራብ ክርኑ እስኪሳሳ ድረስ ለብዙ ክረምትና ለብዙ በጋ ለበሱት። ሲያረጅም ደኅናው ክር ተተርትሮ ለእኅቴ የመጀመሪያ ልጅ ቆብ ሆነ።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ለምትወዱት ሰው በእጃችሁ አንድ ነገር ሠርታችሁ ለመስጠት ስታስቡ፣ አስቀድማችሁ የሥራውን መጠን እወቁ። እጃችሁ ገና ጀማሪ ከሆነ ሹራቡን ለከርሞ ትታችሁ የአንገት ልብስ ወይም ቆብ ምረጡ፤ ትንሽ ነገር በሚገባ መፈጸም ትልቅ ነገር ጀምሮ ከመተው ይበልጣል። ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ የመጨረሻውንም ቀን በበዓሉ ዋዜማ ላይ ሳይሆን ቢያንስ ዐሥር ቀን ቀደም አድርጋችሁ ወስኑ። ዋዜማው የድፎና የቄጤማ ቀን ነውና ለእናታችሁ እጅ ተዉለት። ለሸማኔ ወይም ለሌላ ባለሙያ የምትሰጡትን ሥራ በጊዜ ስጡ። በቤት ውስጥ ሥራውን ተካፈሉ። ካልደረሰላችሁም እውነቱን ለመናገር አትፈሩ።

አበው ቀሚሱ ለጥምቀት ካልሆነ ይበጣጠስ ብለዋል። እኔ ግን ከይቅርታ ጋር፣ ቀሚሱ አይበጣጠስ እላለሁ። ከተበጣጠሰ አይቀር፣ በየዓመቱ «ገና ነው» እያሰኘ ገናን የሚያደርስብን ልማዳችን ይበጣጠስ።